ወደ ሚካኤል ከተማ ለመሄድ ስንነሣ፤ በ5 ፔሶ የደረስሁባት ኢትዮጵያ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሽርሽር ነው። አዎን፣ ስለ ሽርሽር! «ይኸ ሰውዬ ምን ነካው? አገር በዚህ ሁሉ መከራ ውስጥ እያለች ስለ ሆቴልና ስለ ምግብ ያወራል?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔው ራሴ ለራሴ ስንት ጊዜ ብየዋለሁ። ቢሆንም ነገሬን እስከ መጨረሻው ስሙኝና ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ፍረዱ።

እኔና ባለቤቴ ከተጋባን በመጪው መስከረም 25 ዓመት ይሞላናል። በእነዚህ 25 ዓመታት ውስጥ አውሮፕላን ያልተሳፈርንበት ዓመት ጥቂት ነው። የት የት ሄዳችሁ? ብትሉኝ ግን፦ ሲያትል ለሠርግ፣ ዳላስ ለለቅሶ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ለክርስትና፣ ሎስ አንጀለስ እንደገና ለለቅሶ። በሰኔ መጨረሻ ደግሞ የኢትዮጵያውያን የኳስ ውድድር በተዘጋጀበት ከተማ ሁሉ። ሆቴል ያደርነው የዘመድ ቤት ሲሞላ ብቻ ነው፤ ያውም አንድ ክፍል ለስድስት፣ ምንጣፍ ላይ ተደርድረን። ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳያገባ፣ እንዲያው ለራሳችን ብለን የሄድንበት አንድም ቦታ የለም። ይህንን ያስተዋለችው ባለቤቴ ናት። አንድ ማታ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ስንሞትማ ሰው ሁሉ ተሳፍሮ ይመጣል፤ በሕይወት እያለን ግን አንድ ቦታ ወስደኸኝ አታውቅም» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ ለጓደኞቻችን ደረሰ። ሁለት ባልና ሚስት፣ አንዱ ጥንድ እንደኛው ከኦክላንድ ሌላው ከሳንሆዜ፣ «እኛም አለንበት» አሉ። ብቻዋን የምትኖር አንዲት የሳንሆዜ እህታችንም ተጨመረች። ሰባት ሆንን። በነፍስ ወከፍ በወር 150 ዶላር የሚጣልበት ዕቁብ ተጀመረ። ዕቁብ ይባል እንጂ ዕጣ አይወጣበትም፤ ገንዘቡ ተጠራቅሞ ለጉዞው ነው የሚውለው። ከመካከላችን አንዱ፣ በዕቁብ ሰብሳቢነት ፀጉሩን ያሸበተ ሰው፣ «ዕጣ የሌለው ዕቁብ፣ ንፍሮ የሌለው ለቅሶ ነው» እያለ ሲያጉረመርም ከረመ። ቢሆንም አንድም ወር አላጓደለም።

የት እንሂድ የሚለው ግን አጨቃጨቀን። አንዱ ሃዋይ ይላል፣ አንዱ ላስ ቬጋስ፣ ሌላው ዱባይ። በዚህ መካከል ነው መፍትሔው ካልታሰበ ቦታ የመጣው። እኔ በምሠራበት በኦክላንድ መሐል ከተማ ባለ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ለዓመታት የሌሊት ፈረቃ አብሮኝ የሚገባ አንድ ሜክሲኳዊ አለ። የጓናሁዋቶ ክፍለ አገር ሰው ነው። እሱ ቶርቲያውን፣ እኔ እንጀራዬን ይዘን በአንድ ሳህን የምንበላ ሰዎች ነን። ጭቅጭቃችንን ስነግረው ሳቀብኝ። «አንተ የደጋ ሰው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ተጋድመህ ምን ልትሆን ነው? ይልቅ እኛ አገር ሂድ» አለና በስልኩ ፎቶ አሳየኝ። ወደ ቀይ የሚያደላ ድንጋይ፣ ሾጣጣ ማማዎቹ ሰማይ የሚወጉ ቤተ ክርስቲያን ነው።

«የት ነው?»

«ሳን ሚጌል ደ አዬንዴ።»

«ሳን ሚጌል ማለት?»

«ቅዱስ ሚካኤል ነዋ!»

ፎቶውን ከነስሙ ለባለቤቴ ላክሁላት። የሚካኤል ማኅበርተኛ ናት፤ ኅዳር 12ንና ሰኔ 12ን ጣሪያ ቢወርድ ሥራ አትገባም። ክርክሩ በዚያች ሌሊት አበቃ።

እንደ ኢያሱና እንደ ካሌብ አገሩን ሰልዬ እንድመጣ እኔ ተመረጥሁ። ባለፈው የካቲት ማብቂያ ላይ ባልደረባዬ እናቱን ለመጠየቅ ሲሄድ አብሬው ሄድሁ። እናቱ የሚኖሩት ዶሎሬስ ኢዳልጎ በምትባል፣ ከሳን ሚጌል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቅ ከተማ ነው። ስለዚህ የምጽፈው ግማሹ ያየሁት፣ ግማሹ ያነበብሁት መሆኑ ይታወቅልኝ። ያለፉትን የታሪክ ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ።

ሳን ሚጌል ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ትንሽ ከፍ፣ ከጎንደር ትንሽ ዝቅ ያለች ማለት ነው። ጠዋት ብርድ አለ፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ይፋጃል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ጋቢ ያሰኛል። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ያው የኛው ክረምት። ከመኪና ወርጄ የመጀመሪያውን አየር ስስብ አንድ ነገር ደረቴን ነካኝ። ጃካራንዳው መፍካት ጀምሮ ነበር፤ የዛፉ ሥር ወይን ጠጅ ቀለም ለብሷል። ከአንድ ግቢ ውስጥ የእንጨት ጭስ ይሸታል፣ ደወል ይደወላል፣ አህያ ማገዶ ተጭና ታልፋለች። እኔ እንግዲህ ስንት ዓመት ሙሉ ኦክላንድ ላይ የባሕር ጭጋግ ስተነፍስ የኖርሁ ሰው ነኝ። (ደግሞ እንዳትኮሩ! «የደጋ ልጅ ነኝ» ብዬ ዳገቱን በጥድፊያ ስወጣ ግማሽ መንገድ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ሳምባዬ ደጋነቱን ረስቶታል።)

መንገዱ ሁሉ በድቡልቡል ድንጋይ የተነጠፈ ነው። እህቶቼ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ቤቶቹ ከውጭ ሲታዩ ቀይ ወይም ቢጫ የተቀባ ድፍን ግንብና አንድ ወፍራም የእንጨት በር ብቻ ናቸው። በሩ ሲከፈት ግን ውስጡ ሌላ ዓለም ነው፤ የውሃ ፏፏቴ፣ የብርቱካን ዛፍ፣ በረንዳ። ሀብቱን ለመንገደኛ የማያሳይ ሕዝብ ደስ ይለኛል።

ከተማዋን በ1542 የመሠረታት ሁዋን ደ ሳን ሚጌል የተባለ የፍራንቸስኮ ማኅበር መነኩሴ ነው። ያደገችው ግን በብር ነው። ከሳካቴካስ ማዕድን የሚወጣው ብር በበቅሎ ተጭኖ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ሲወርድ ማረፊያው እዚህ ነበር። የስሟ ሁለተኛ ክፍል «አዬንዴ» የመጣው በ1769 እዚያው ከተወለደው ከኢግናሲዮ አዬንዴ ነው። ከስፔን ነጻ ለመውጣት ጦርነቱን በ1810 ከጀመሩት መሪዎች አንዱ ነበር። በ1811 ተይዞ ተገደለና ራሱ ተቆርጦ ጓናሁዋቶ ከተማ በአንድ የእህል ጎተራ ሕንፃ ማዕዘን ላይ ተሰቀለ። እዚያም እስከ 1821 ድረስ ለአሥር ዓመት ቆየ። ነጻነት ሲመጣ ከተማዋ በ1826 ስሙን ወሰደች። በ2008 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

ያ ፎቶው ላይ ያየሁት ቤተ ክርስቲያን ፊቱ የተሠራው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ሠሪው ሴፌሪኖ ጉቲዬሬስ የሚባል የአገሬው ግንበኛ ነበር። የአውሮፓ ካቴድራሎችን በፖስታ ካርድ ላይ ብቻ አይቶ፣ ለሠራተኞቹ በአሸዋ ላይ በእንጨት እየጫረ አሳይቶ እንዳሠራው ይተረካል። እውነትም ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት የፈረንጅ ይመስላል፣ ግን የፈረንጅ አይደለም። ያላየውን አገር በሕልሙ የሠራ ሰው ሥራ ነው። አደባባዩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ቁጭ ብዬ ለረጅም ጊዜ አየሁት። እኛም ስደተኞች ለልጆቻችን አገራቸውን የምንሥልላቸው በዚሁ ዓይነት ፖስታ ካርድ መሆኑ ትዝ አለኝ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ፤ ልደብቃችሁ አልችልም። «የቅኝ ግዛት ከተማ» እያሉ ነው የሚያሞግሷት። እኛ ያንን ቃል ስንሰማ ጥርሳችንን የምንነክስ ሕዝብ አይደለንምን? ይህ ሁሉ ውበት የተሠራው አገሬው በግዳጅ ተጭኖ ነው። ታሪክ ስናስብ ደግሞ ዘመኑ ከኛ ጋር ይገጥማል። ስፔኖች ሜክሲኮ ውስጥ ካቴድራል በሚሠሩበት ጊዜ፣ ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ኢትዮጵያ ገብቶ እስከ ሞተበት እስከ 1622 ድረስ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ነበር። አፄ ሱስንዮስን ወደ ሮማ እምነት ያዞረው እሱ ነው። ያ ሁሉ ደም ፈሰሰ፣ በ1632 ሱስንዮስ ሃይማኖቱን መለሱ፣ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን አባረሩና ጎንደርን ቆረቆሩ። እኛ አባረርናቸው፣ እነርሱ 300 ዓመት ተቀመጡባቸው። ይህንን ለባልደረባዬ ስነግረው ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ታዲያ እናንተ አሸንፋችሁ ለምን እኛም እናንተም አንድ ጋራዥ ውስጥ ተገናኘን?» አለኝ። ምን ልበለው?

ከከተማዋ ወጣ ብሎ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቶቶኒልኮ የሚባል የገጠር ቤተ ክርስቲያን አለ። እሱም ከከተማዋ ጋር በቅርስነት ተመዝግቧል። ከሁሉ እሱን እንድታዩት እለምናችኋለሁ። በ1740 ነው ሥራው የተጀመረው። ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ አንዲት ክፍት ቦታ ሳይቀር በሥዕል ተሞልቷል፤ ሠዓሊው አንቶኒዮ ማርቲኔስ ደ ፖካሳንግሬ ይባላል። የጎንደርን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ያየ ሰው ገና ሲገባ ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየቱ አይቀርም። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። በመስከረም 1810 ቄሱ ሚጌል ኢዳልጎ ሕዝቡን አስነሥተው ከዶሎሬስ ሲዘምቱ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ገብተው የጓዳሉፔ ማርያምን ሥዕል አወጡና ለሠራዊቱ ዓርማ አደረጓት። ፈረንጆቹ ጎብኚዎች ይህ ሲነገራቸው ይገረማሉ። እኛን ግን የሚገርመን አይደለም፤ የአድዋው ዘማች ጊዮርጊስን ይዞ አይደለም የወጣው?

አቶቶኒልኮ በናዋትል ቋንቋ ፍል ውሃ ያለበት ቦታ ማለት ነው። እውነትም በአካባቢው ከመሬት የሚፈልቅ ሙቅ ውሃ አለ፤ መታጠቢያዎች ተሠርተውለታል። የጉልበት ሕመም ያለባችሁ የዕድሜ እኩዮቼ ሆይ፣ አንድ ሙሉ ቀን ለዚያ መድቡ። ከእቴጌ ጣይቱ ጀምሮ ፍል ውሃ ባየንበት ቦታ ድንኳን የምንተክል ሰዎች ነን።

የጉዟችንን ጊዜ የቆረጥነውም በሚካኤል ምክንያት ነው። የእነርሱ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ሴፕቴምበር 29 ይውላል፤ በኛ መስከረም 19 መሆኑ ነው። የመስቀል ማግሥት ማለት ይቻላል! በዚያ ሰሞን ባለ ቅዳሜና እሑድ አልቦራዳ የሚሉት በዓል አላቸው፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ርችት ሲተኩስ ይነጋል። ባልደረባዬ እንደነገረኝ ተኝቶ የሚያድር ሰው የለም። በሌላ ክፍለ አገር፣ በሞሬሎስ፣ ደግሞ በሚካኤል ዋዜማ ገበሬው ከመስክ ቢጫ አበባ ለቅሞ በመስቀል ቅርጽ ያስርና በየበሩና በየማሳው ያንጠለጥለዋል። ክረምት ሲወጣ፣ ቢጫ አበባ፣ መስቀል፣ በር ላይ! ይህንን ለባለቤቴ ሳነብላት «በል እንግዲህ፣ ደመራችንን እዚህ ኦክላንድ አብርተን እንነሣለን» አለች። በዚያው ተቆረጠ።

አሁን ወደ ቅንጦቱ ልምጣ፤ ርዕሱ እሱ ነበርና። በከተማዋ ውስጥ ስማቸው የታወቀ ትልልቅ ሆቴሎች አሉ። በ2011 የተከፈተው ሮዝዉድ አንዱ ነው። ካሳ ደ ሲዬራ ኔቫዳ የሚባለው ደግሞ የጥንት ቤቶችን አያይዞ የተሠራ ነው። የአንድ ሌሊቱ ዋጋ የአንዳንዶቻችንን የሳምንት ደመወዝ ይውጣል። ስለዚህ ሁለት ሌሊት ብቻ እዚያ እናድርና የቀረውን አምስት ሌሊት አንድ ሙሉ የጥንት ቤት ከነምግብ ሠሪዋ እንከራያለን። ለሰባት ሲካፈል ከላስ ቬጋስ የሚበልጥ አይደለም። «ቅንጦት ማለት ለኔ ሌላ ሰው ያበሰለውን ቁጭ ብሎ መብላት ነው» ብላለች ባለቤቴ። የቀሩት ሴቶችም ይህንን ሲሰሙ እንደ ጉባኤ አጨበጨቡ። ከደቂቃ በኋላ ግን «ሠራተኛዋ ዶሮ ወጥ ትችል ይሆን? በርበሬውን እኛ እንያዝላት?» የሚል ጉዳይ ተነሣ። እኛ መቼም አንድንም!

በርበሬ ካነሣን አይቀር፣ በርበሬ የኛ ሳይሆን የነርሱ መሆኑን ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ያለመዱት የሜክሲኮ ሰዎች ናቸው። በቆሎም እንዲሁ፤ አባቶቻችን «የባሕር ማሽላ» ያሉት በባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ነው። የትግራይ ሰው በክረምት እየላጠ የሚበላው በለስም አገሩ ሜክሲኮ ሲሆን፣ ትግራይ የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ልዩነቱ እነርሱ ፍሬውን ብቻ ሳይሆን ቅጠሉንም እሾሁን ፍቀው፣ ከትፈው፣ ጠብሰው ይበሉታል፤ ኖፓል ይሉታል። የባልደረባዬ እናት በቲማቲምና በቃርያ ሠርተው አቀረቡልኝ። ለጾም እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ባቄላው ጾም መስሏችሁ እንዳትታለሉ፤ ብዙ ጊዜ በማንቴካ፣ ማለትም በአሳማ ስብ ነው የሚሠራው። «ሲን ማንቴካ» በሉ፤ ያለ ስብ ማለት ነው። ክርስቲያኑንም እስላሙንም እኩል የሚጠቅም ስፓኒሽ ነው።

ስለ ጸጥታውም ሳልናገር አላልፍም። የጓናሁዋቶ ክፍለ አገር በቅርብ ዓመታት የወንበዴ ቡድኖች ግድያ ከበዛባቸው አንዱ ነው፤ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። ሳን ሚጌል ራሷ ጸጥ ያለች ናት፤ ቢሆንም በአገር መንገድ ላይ ማታ አትንዱ። አውቶቡሳቸው ከኛ የአሜሪካው በጣም ይሻላል። ኢቴኤኔ የሚባለው በአንድ ረድፍ ሦስት ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ ወደ ኋላ ዘርግታችሁ ትተኛላችሁ። ከሜክሲኮ ሲቲ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

እኔም የተመለስሁት በሱው ነው። ባልደረባዬ እናቱ ዘንድ ቀረ፤ እኔ ለብቻዬ ሜክሲኮ ሲቲ ገብቼ አንድ ቀን አደርሁ። አስቀድሜ ያሰብሁት ነገር ነበረኝ።

እንደሚታወቀው ፋሺስት ጣሊያን በ1936 አዲስ አበባ ሲገባ ዓለም ፊቱን አዞረብን። በ1938 እንግሊዝና ፈረንሳይ ሳይቀሩ ወረራውን ተቀበሉት። አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። ፕሬዚዳንቷ ላሳሮ ካርዴናስ፣ በጄኔቫ የመንግሥታቱ ማኅበር ውስጥ ደግሞ ወኪሏ ኢሲድሮ ፋቤላ፣ አንዲት ራቅ ያለች አገር ለሌላ ራቅ ያለች አገር ስትል ቆመች። ምንም አላተረፈችበትም። አፄ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1954 ሜክሲኮን ጎበኙ። አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ፣ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ኢትዮጵያ አደባባይ የኖሩት በዚህ ወዳጅነት ነው። ሜክሲኮ አደባባይን የማያውቅ አንባቢ የለም፤ እዚያ ታክሲ ያልጠበቀ፣ ጓደኛ ያልቀጠረ ማን አለ? ስሙ ከየት እንደመጣ ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል? እኔ በበኩሌ ስወጣ ስገባ ኖሬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

በ1968ም የማሞ ወልዴ ድል እዚያው ነው። ኦክቶበር 20 ቀን፣ አበበ ቢቂላ በጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲያቋርጥ፣ ማሞ በ36 ዓመቱ፣ በዚያ ቀጭን አየር ውስጥ፣ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ ማራቶኑን አሸንፎ ገባ። ሦስት ኦሊምፒክ በተከታታይ የማራቶን ወርቅ የኛ ሆነ።

የሜክሲኮ ሲቲ የምድር ውስጥ ባቡር ዋጋው 5 ፔሶ ነው፤ የፈለጋችሁበት ድረስ። ሦስተኛውን መስመር፣ የወይራ ቀለሙን፣ ከባልዴራስ ያዝሁ። ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይቸገር ብለው ለየጣቢያው አንድ ሥዕል ሰጥተውታል። ከበሩ በላይ ያለውን ሰሌዳ ቀና ብዬ ሥዕሎቹን ስቆጥር አራተኛው ላይ የአንበሳ ራስ አየሁ። ከሥሩ «ኢትዮጵያ» ይላል። ጣቢያው የተከፈተው በ1980 ነው፤ በኋላ «የግልጽነት አደባባይ» የሚል ሌላ ስም ተጨምሮበታል፣ የኛው ግን ፊተኛው ነው።

ኒኞስ ኤሮየስ፣ ኦስፒታል ሄኔራል፣ ሴንትሮ ሜዲኮ… ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንዲት ልጅ ያዘለች እናት አጠገቤ ቆማለች። «የት ነው የሚወርዱት?» አለችኝ በስፓኒሽ፤ ይህችን ያህል ጋራዡ አስተምሮኛል። «ኢትዮጵያ» አልኋት። «እኔም» አለችኝ።

እናንተዬ! ይህንን ቃል በተራ ነገር፣ እንደ አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ፣ ከአፌ ካወጣሁት ስንት ዘመኔ ነው? «የት ትሄዳለህ?» ተብዬ «ኢትዮጵያ» ያልሁበት፣ ያለ ፍርሃት፣ ያለ ጭቅጭቅ፣ የማን ወገን ነህ ሳልባል? በሩ ሲከፈት ሰው ገፍቶኝ ወጣሁ። ግድግዳው ላይ ስሙ በረጅሙ ተደጋግሞ ተጽፏል። ባቡር ይመጣል፣ ሰው ይወርዳል፣ ባቡር ይሄዳል። አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ስንት ባቡር እንዳሳለፍሁ አላውቅም። ላይ ወጥቼ ሳይ የተለየ ነገር የለም፤ መኪና፣ የታኮ ጋሪ፣ የልብስ ንጽሕና ቤት። አንዲት ታኮ ሻጭ ጠርቼ በላሁ። አዲስ አበባም ከ2015 ጀምሮ በሚሠራው የከተማ ባቡር ላይ «ሜክሲኮ» የሚባል ጣቢያ አላት። ሁለቱ ከተማዎች አንዳቸው የአንዳቸውን ስም በባቡር ይጠራሉ ማለት ነው፤ አብዛኛው ተሳፋሪ ሳያውቀው።

የአንበሳውን ሥዕል ፎቶ አንስቼ ለሰባታችንም ላክሁ። ሁሉም ደስታውን ጻፈ። የሳንሆዜዋ እህታችን ብቻ ዝም አለች። ማታ ስልክ ደወለች። «ወንድም ዓለም፣ እኔ እኮ አልሄድም» አለችኝ።

ነገሩ የወረቀት ነው። ጥገኝነት ከጠየቀች ስምንት ዓመቷ ነው፤ እስካሁን ለቃለ መጠይቅ አልተጠራችም። ዕቁቡን ስንጀምር «እስከዚያ ይደርሳል» ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው ቅድመ ፈቃድ ሳያወጣ ከአሜሪካ ቢወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል፤ ፈቃዱን ይዞ ቢወጣም እንኳ ለመመለሱ ዋስትና የለውም። ስለዚህ በዚህ ሁኔታ ላይ ያላችሁ ሁሉ፣ ጠበቃችሁን ሳታማክሩ ሻንጣ እንዳትነኩ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሜክሲኮ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፤ ካርዱም ፓስፖርቱም ያላለፈባቸው ይሁኑ እንጂ። በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የምትሄዱ ግን ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ሳንሆዜ ወይም ሳን ፍራንሲስኮ ያለውን የሜክሲኮ ቆንስላ ጠይቁ።

ተሰበሰብን። ባለቤቴ «እሷን ትተን የትም አንሄድም፤ ወረቀቷ እስኪደርስ ይተላለፍ» አለች። ፀጉሩን ያሸበተው የዕቁብ ሰው «ስምንት ዓመት የቆየ ወረቀት ስንት ዓመት እንደሚጨምር ማን ያውቃል? እኔ 71 ዓመቴ ነው» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እህታችን ግን አፏን ሞልታ «እንዳታስቀሩት! በኔ ምክንያት ቀረ ከተባለ ሁለተኛ ዓይናችሁን አላይም» ብላ ተቆጣች። የከፈለችውን እንመልስልሽ ስንላትም እንቢ አለች። «ከሱ ላይ ለሚካኤል ጧፍ አብሩልኝ። የቀረው ይቀመጥ።»

እንግዲህ እንዲህ ሆነን ነው ያለነው። ቤቱ ለሰባት ሰው ተብሎ ተይዟል፤ በነጻ መሰረዝ የሚቻለው እስከ ነሐሴ 24 ድረስ ነው። አራተኛዋ ክፍል፣ ወደ ግቢው የምታየው፣ ብርቱካኑ ፊት ለፊት ያለችው፣ የሷ ናት ተብሎ ስሟ ተጽፎባታል። የባቡሩን ካርድ ከነትራፊ ሂሳቡ ሰጥቻታለሁ። በውስጡ አንድ ጉዞ፣ 5 ፔሶ፣ አለበት።